ሳይመለስ የሚቀር የፍሪሲዮን ፔዳል፦ ቶዮታ ሴሊካ ኤስቲ 182፣ ጅማ

መኪናው እ.ኤ.አ. የ1991 ሴሊካ ኤስቲ 182 ነው፤ ባለ 2 ሊትር 3ኤስ-ጂኢ ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ። ፍሪሲዮኑ በሽቦ ሳይሆን በዘይት ነው የሚሠራው። ፔዳሉ የሚገፋው ላይኛው ፓምፕ የራሱ ትንሽ የዘይት ማጠራቀሚያ አለው፤ ታችኛው ፓምፕ ካምቢዮው ላይ ከውጭ ታስሯል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው የብረት ቱቦና አንድ አጭር የጎማ ቱቦ ነው። ቅሬታው፦ ፔዳሉ ተረግጦ ሲለቀቅ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በጫማ አፍንጫ ከሥር ካልተነሳ ላይ አይደርስም። ሞተሩ ሲሞቅ ይብሳል፤ ፔዳሉ ተረግጦ ሲቆይ ደግሞ የባሰ ይሆናል።

ሐምሌ 3

መጀመሪያ ምንጣፍ። በሾፌሩ እግር ሥር ሁለት ምንጣፍ ተደራርቦ ነበር፤ የላይኛው ጠርዝ ተጠቅልሎ ፔዳሉ ላይ ይደርሳል። ሁለቱም ወጡ። ችግሩ አለ። ቀላል ነገር ስለሆነ የሚዘለል ቢሆንም፣ ምንም ቁልፍ ሳይነሳ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

ቀጥሎ ልኬት። የብረት ማስመሪያ ወለሉ ላይ አቁመን፦ ፔዳሉ በእጅ እስከ ላይ ሲሳብ 160 ሚ.ሜ.፣ እስከ ታች ሲረገጥ 20 ሚ.ሜ.። ሙሉ ጉዞው 140 ሚ.ሜ. ነው ማለት ነው። ሳይመለስ ሲቀር 112 ሚ.ሜ. ላይ ይቆማል። ከታች ተነስቶ ሁለት ሦስተኛውን መንገድ በራሱ ይመጣል፤ የመጨረሻውን 48 ሚ.ሜ. ግን አይጨርስም።

ይህ የቆመበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ፔዳሉን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ትልቁ ጉልበት የፕሬዠር ፕሌቱ፣ ማለትም የፍሪሲዮን ዲስኩን ተጭኖ የሚይዘው ክፍል፣ ሞላ ነው፤ ፍሪሲዮኑን በሚያላቅቀው ሹካ፣ በታችኛው ፓምፕና በዘይቱ በኩል ይመጣል። ፍሪሲዮኑ ከያዘ በኋላ ግን ያ ጉልበት ያበቃል። የቀረችውን ጉዞ የሚያስጨርሱት በላይኛው ፓምፕ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞላና የፔዳሉ መመለሻ ሞላ ብቻ ናቸው። ፔዳል ወለል ላይ ተኝቶ ከቀረ ከታች የሚገፋ ጉልበት ጠፍቷል፤ አየር፣ የዘይት መፍሰስ፣ ወይም የሞላው ጣቶች መታጠፍ ይጠረጠራል። ላይ ሊደርስ ሲል ከቀረ ግን ጥርጣሬው ወደ ላይኛው ፓምፕና ወደ ራሱ ፔዳል ይሄዳል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሆን ብቻ የሚቀር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህ መኪና ላይ እሱ የለም፣ በዝቅተኛ ዙርም ይቀራል።

ሌላም ነገር ማስታወሻው ላይ ሰፍሯል፦ ፔዳሉ በጫማ ከተነሳ በኋላ እንደገና ሲረገጥ የመጀመሪያው 45 ሚ.ሜ. ባዶ ነው፤ ምንም አይቃወምም። ቶዮታ ለእንዲህ ዓይነት ፔዳል የሚሰጠው ነፃ ጉዞ ከ5 እስከ 15 ሚ.ሜ. ነው። ቁጥሩን ጻፍነው፤ ክብደቱን ግን ያን ቀን አልሰጠነውም።

ሐምሌ 4

ፔዳሉን ከፓምፑ ለየነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ኮፒሊያውን፣ ማለትም ፒኑ እንዳይወጣ የሚይዘውን ሽቦ፣ በፒንሳ አውጥቶ፣ የላይኛውን ፓምፕ ዘንግ ከፔዳሉ የሚያያይዘውን ፒን መሳብ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ፔዳሉ ለብቻው በእጅ ሲንቀሳቀስ ይከብዳል፣ ሲለቀቅም ይቀራል። መታጠፊያው ቡሎን ወጣ፦ የፕላስቲክ ቡሺንጎቹ ደርቀዋል፣ የድሮው ግሪስ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ እንደ ሰም ጠንክሯል። ቡሎኑን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳን፤ ሁለት አዲስ ቡሺንግና ሊቲየም ግሪስ ከሂርማታ ገበያ፣ 400 ብር። ከዚህ በኋላ ፔዳሉ በራሱ ሞላ እየተነሳ ላይ ይደርሳል። ፒኑ ቦታው ገባ፤ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ተመለሰ። ማጠራቀሚያው ጎድሎ ስለነበር ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ሞላንና መኪናው ወጣ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ፔዳሉ ሲቀር የፓምፑ ፒስተን የት እንዳለ እያሳየ ነበር። ዘንጉ ፒስተኑን ይገፋል እንጂ አይስብም፤ ጫፉ ፒስተኑ ጎድጓዳ ላይ አርፏል፣ አልተያያዘም። ስለዚህ መታጠፊያው ሲለሰልስ ፔዳሉ ብቻውን ወጣ፣ ፒስተኑ ግን ውስጥ እንደቀረ ቀረ። ባዶው 45 ሚ.ሜ. ያንን ነበር የሚለው። መታጠፊያውን ማጽዳቱ ትክክል ነው፣ መደረግም ነበረበት፤ ትክክል ያልነበረው እዚያ ላይ ማቆሙ ነው። ጠንካራ ሞላ ጨምሮ ፔዳሉን ወደ ላይ ማሰርም ያው ውጤት አለው፤ ብዙ መኪና ላይ ታስሮ ይገኛል።

ሐምሌ 8

መኪናው ተመልሶ መጣ። ፔዳሉ አይቀርም፤ ግን የኋላ ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል፣ መብራት ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ረግጦ ሲጠበቅ መኪናው ወደፊት ይስባል። ባዶው ጉዞ አሁንም 45 ሚ.ሜ. ነው።

በዚህ ጊዜ ከዘይቱ ጀመርን። ከማጠራቀሚያው በመርፌ ቀድተን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጠብታ ጣልን። የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3ም ሆነ ዶት 4፣ ከግላይኮል የተሠራ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ብርጭቆው ትንሽ ይደፈርስና ያበቃል። እዚህ ግን ከጠብታው አብዛኛው ሟሟና ላዩ ላይ ቀጭን፣ ቀላ ያለ፣ በብርሃን የሚያብለጨልጭ ቅባት ተንሳፈፈ። በጣት ሲነካ ተሰብስቦ ይጣበቃል፣ በውሃ አይለቅም። የማዕድን ዘይት ነው፤ በቀለሙ ኤቲኤፍ የሚባለው የመሪ ዘይት ይመስላል። መቼ እንደተጨመረ አይታወቅም፤ ከሐምሌ 4 በፊት እንደሆነ ግን እርግጥ ነው፤ ያን ቀን የጨመርነው አዲስ ቆርቆሮ ያው ብርጭቆ ውስጥ ሲፈተን ንጹሕ ነው። ያንን የሙከራ ብርጭቆ ሐምሌ 4 ላይ ብናደርገው ኖሮ አንድ ቆርቆሮና አራት ቀን ይተርፍ ነበር።

ይህ ለምን ከባድ ነገር እንደሆነ፦ የፍሪሲዮንና የፍሬን ፓምፕ ጎሚኒዎች፣ ማለትም ፒስተኑ ላይ ሆነው ዘይት የሚያግዱት ጎማዎች፣ ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው የሚሠሩት። ይህ ጎማ የፍሬን ዘይትን ይችላል፤ የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ ናፍታና ቤንዚን ሲነካው ግን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ያበጠ ጎሚኒ ሲሊንደሩን አንቆ ይይዛል፤ የለሰለሰ ከንፈሩ ደግሞ ግፊት ሲመጣ ዘይት ያሳልፋል። ሁለቱ ተቃራኒ የሚመስሉ ችግሮች ከአንድ ጎማ ይወጣሉ። ፓምፕ በቤንዚን ማጠብም ያው ጥፋት ነው፤ ማጠቢያው አልኮል ወይም ራሱ የፍሬን ዘይት ነው።

ወዲያው የፍሬኑን ማጠራቀሚያም በሌላ ብርጭቆ ፈተንን። ንጹሕ፤ ምንም የሚንሳፈፍ የለም። በዚህ መኪና የፍሪሲዮኑ ማጠራቀሚያ ለብቻው መሆኑ አተረፈን። ብዙ መኪኖች ላይ ሁለቱ አንድ ማጠራቀሚያ ይጋራሉ። እንዲህ ዓይነት ቅባት እዚያ ከተገኘ መኪናው መነዳት የለበትም፤ የፍሬኑ ጎሚኒ በሙሉ መውጣት አለበት።

ሐምሌ 9

ካምቢዮ ይውረድ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። አላወረድንም። ካምቢዮ ማውረድ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ችግሩ ከላይ ይሁን ከታች ሳይለይ መጀመር የለበትም። ለመለየት የሚያስፈልገው ሁለት ሰው፣ ካሊፐርና 8 ቁጥር የቀለበት ቁልፍ ነው።

መኪናው በክሪክ ተነስቶ በካባሌቶ፣ ማለትም በብረት መደገፊያ፣ ላይ ቆመ። ሞተሩ እስኪሞቅ ሠራ፤ ከዚያ ጠፋ። አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ሆኖ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ስንት እንደወጣ ይለካል።

ሲረገጥ ዘንጉ 8.5 ሚ.ሜ. ወጣ። ፔዳሉ ሳይነቃነቅ አንድ ደቂቃ ተያዘ፤ ዘንጉ ቀስ እያለ ወደ 5 ሚ.ሜ. ተመለሰ። ከውጭ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም፤ የፓምፖቹ የአቧራ ጎማ ሥርም ደረቅ ነው። ዘይቱ ወደ ውጭ ካልሄደ የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ በላይኛው ፓምፕ የፊት ጎሚኒ ከንፈር አልፎ ወደ ማጠራቀሚያው። ረግጦ መቆየት ለምን እንደሚያብሰው በዚህ ታወቀ። ዘይቱ ሾልኮ ሲያልቅ ታችኛው ፓምፕ ቀድሞ ቤቱ ይገባል፤ ላይኛው ፒስተን መንገድ ላይ ያለ ገፊ ይቀራል፤ ያበጠው የኋላ ጎሚኒ ደግሞ እዚያው አንቆ ያስቀረዋል።

ሊሆን የሚገባውን ቁጥርም አሰላን። በፓምፖቹ አካል ላይ በኢንች ተጽፏል፦ ላይኛው 5/8፣ ማለትም 15.87 ሚ.ሜ.፤ ታችኛው 13/16፣ ማለትም 20.64 ሚ.ሜ.። የስፋታቸው ንፅፅር 1.69 ነው። ፔዳሉ ከመታጠፊያው እስከ መርገጫው 270 ሚ.ሜ.፣ እስከ ዘንጉ ፒን 45 ሚ.ሜ. ስለሆነ 6 ለ 1 ነው። ከ140 ላይ 10 ሚ.ሜ. ነፃ ጉዞ ሲቀነስ 130 ይቀራል፤ ለ6 ሲካፈል ላይኛው ፒስተን 21.7 ሚ.ሜ. ይሄዳል፤ ለ1.69 ሲካፈል ታችኛው ዘንግ 12.8 ሚ.ሜ. መውጣት አለበት። 8.5 ላይ ማርሹ ቢንጫጫ አይገርምም።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ፔዳሉ በአንዴ ሲለቀቅ ዘንጉ ወዲያው መመለስ ሲገባው ሦስት ሰከንድ ያህል ወሰደ። እንደገና ተረግጦ እንደተለቀቀ፣ ዘንጉ ገና ሳይመለስ፣ የታችኛው ፓምፕ የአየር ማውጫ ቡሎን ሩብ ዙር ተፈታ። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፣ ዘንጉም ቱር ብሎ ገባ። ሹካው፣ ኩሽኔታውና የፕሬዠር ፕሌቱ ሞላ ደህና ናቸው ማለት ነው፤ የሚያንቀው ከማውጫው በላይ ነው። ቀጥሎ የጎማው ቱቦ ከብረቱ ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ላይ ተፈታና ያው ተደገመ፤ ላይኛው ክፍል በሙሉ ተለይቶም ዘንጉ እንደ በፊቱ እየተጎተተ ነው የተመለሰው። ስለዚህ የጎማው ቱቦም ተበላሽቷል። ካምቢዮው ቦታው ላይ ቀረ።

ሐምሌ 10

ትዕዛዝ ለአዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፦ የላይኛው ፓምፕ የጎሚኒ ስብስብ፣ የጎማ ቱቦ፣ ሙሉ የታችኛው ፓምፕ። የታችኛውን በስብስብ ያላደረግነው የአቧራ ጎማው ተቀዶ ቀይ ጭቃ ገብቶበት ስለነበር ነው፤ ፒስተኑ ሲወጣ ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ቆፍሯል፤ ጥፍር ይይዛል። ጥፍር የሚይዝ ሲሊንደር በአዲስ ጎሚኒ አይድንም።

ላይኛውን ፓምፕ ስንፈታ የቱቦውን ዳዶ አበላሸነው። 10 ቁጥር ነው፤ ለሰላሳ ዓመት ያልተነካ፤ በተራ ክፍት ቁልፍ ተሞከረና ሁለት ጠርዙ ተላጠ። ለእንዲህ ዓይነት ዳዶ የሚያስፈልገው አንድ በኩል ብቻ የተሰነጠቀ የቱቦ ቁልፍ ነው፤ አምስቱን ጠርዝ ይይዛል። መጀመሪያም ዝገት ማላቀቂያ ረጭቶ ሌሊቱን ማሳደር ነበር። በሚቆለፍ ፒንሳ ወጣ፤ ዳዶው ግን ከጥቅም ውጭ ሆነ። ቱቦው 4.76 ሚ.ሜ. ነው፣ ዳዶው ኤም 10 በ1.0። ጫፉ ተቆርጦ፣ አዲስ ዳዶ ገብቶ፣ አፉ ድርብ ሆኖ ተከፈተ፤ 600 ብር። ነጠላ አከፋፈት ለዚህ ግፊት አይሆንም፤ ይሰነጠቃል። ዳዶው ቱቦው አፍ ሳይከፈት በፊት መግባቱን ደጋግሞ ማየት ነው።

ከውስጥ በኩል የፓምፑ ሁለት 12 ቁጥር ዳዶዎች በኤክስቴንሽን ወጡ። ዘይት ቀለም ያነሳል፤ ከፓምፑ ሥር እርጥብ ጨርቅ ተነጠፈ።

ሐምሌ 14

ዕቃው በአውቶቡስ ደረሰ፤ ማድረሻ 150 ብር። ታችኛው ፓምፕ ግን 3/4 ኢንች ነው። ቡሎኖቹ ይገጥማሉ፣ መልኩም አንድ ነው። ሆኖም 19.05 ሚ.ሜ. ሲሆን ንፅፅሩ 1.44 ይሆናል፤ ዘንጉ 12.8 ሳይሆን 15 ሚ.ሜ. ይወጣል፤ ፔዳሉ ይከብዳል፣ የፕሬዠር ፕሌቱ ሞላም ከልኩ በላይ ይገፋል። ተመለሰ። ሻጩ በስልክ «ወንድሜ፣ የድሮው አካል ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ፣ በሞዴል ስም ብቻ አልላክም» አለ። ትክክል ነው፤ ከመጀመሪያውም ቁጥሩን አንብበን መንገር የነበረብን እኛ ነን።

በመጠበቅ ላይ ሳለን ላይኛው ፓምፕ ተከፈተ። የአቧራው ጎማ፣ የመያዣው ቀለበት፣ ዘንጉ፣ ከዚያ ፒስተኑ። ፒስተኑ በራሱ ሞላ መውጣት ሲገባው አልወጣም፤ በቱቦው ቀዳዳ በኩል በኮምፕሬሰር አየር ቀስ ተብሎ ተገፋ፤ አፉ ላይ ጨርቅ ተይዞ፣ ምክንያቱም ሲወጣ እንደ ጥይት ነው። የኋላው ጎሚኒ ከጎኑ ካለው አዲሱ ጋር ሲቀመጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አሮጌው 17.9 ሚ.ሜ.፣ አዲሱ 16.6 ሚ.ሜ.። አሮጌው ስለት መሆን ያለበት ከንፈሩ ክብ ሆኗል፤ በጣት ሲጫን ጥርስ የመታው ማስቲካ ይመስል ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም፤ ጣት ላይም ጥቁር ይተዋል።

ሲሊንደሩ ብረት ነው፤ የዝገት ቀለበት አለበት፣ ግን ጥፍር አይይዝም። በ1000 ከዚያ በ2000 ቁጥር ወረቀት፣ በፍሬን ዘይት እየራሰ፣ በጣት ላይ ተጠቅልሎ ዙሪያውን ብቻ ተሸረሸረ። ቁመቱን ተከትሎ መፈተግ መስመር ይሠራል፣ በመስመሩ ዘይት ይሄዳል። አሉሚኒየም ሲሊንደር ቢሆን ወረቀት አይነካውም ነበር፤ ሙሉ ፓምፕ ይቀየራል። ከዚያ በአልኮል ታጥቦ በአየር ደረቀ። ማጠራቀሚያው ሥር ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች፣ ትልቁ የመሙያ፣ ትንሿ የመመለሻ፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተፈተሹ። ትንሿ ግማሹ በጥቁር ጭቃ ተደፍኖ ነበር። አዲሶቹ ጎሚኒዎች በአዲስ ዘይት ርሰው ገቡ፤ ከንፈራቸው ወደ ግፊቱ አቅጣጫ። ማጠራቀሚያው ከክዳኑ ጎማ ጋር ታጠበ፤ የክዳኑ ጎማ ስላበጠ ስብስቡ ውስጥ ባለው ተተካ።

የብረቱ ቱቦ በአልኮል ሦስት ጊዜ፣ መካከል ላይ በአየር እየተነፋ፤ የመጨረሻው እጥበት ብርጭቆ ውስጥ ቅባት አልጣለም። የጎማው ቱቦ ለማወቅ ሲባል በምላጭ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ስንጥቅ የለውም። ከውስጥ ግን ቀዳዳው ጠብቦ 2 ሚ.ሜ. ሽቦ አያሳልፍም፤ አንድ ቦታ ላይም የውስጡ ሽፋን ተልጦ እንደ ትንሽ ምላስ ተንጠልጥሏል። ሲረገጥ ዘይቱ ምላሷን አስተኝቶ ያልፋል፤ ሲመለስ ራሷ ትደፍነዋለች።

ሐምሌ 20

ትክክለኛው 13/16 ደረሰ፤ ሌላ 150 ብር። ከመግባቱ በፊት ሹካው በእጅ ተነቃነቀ፤ ለስላሳ ነው። ዘንጉ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሙቀት ቻይ ግሪስ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተረጭቶ የፍሪሲዮን ዲስኩ ላይ ይሄዳል። የታችኛው ፓምፕ ሁለት ቡሎኖች 12 ኒውተን ሜትር፣ የቱቦው ዳዶ 15 ኒውተን ሜትር። ታችኛው ፓምፕ ሳይታሰር ፔዳል መርገጥ ክልክል ነው፤ ፒስተኑ ዘልሎ ይወጣል።

አየር ማውጣቱ ከታሰበው በላይ ፈጀ። በተለመደው መንገድ፣ ማለትም ቀስ ብሎ መርገጥ፣ ይዞ ማውጫውን መክፈት፣ ዘግቶ መልቀቅ፣ አርባ ጊዜ ተደርጎም ዘንጉ 9 ሚ.ሜ. ብቻ ወጣ። አየሩ በታችኛው ፓምፕ ውስጥ ፒስተኑ ፊት ተሰብስቧል። የሠራው መንገድ ይህ ነው፦ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ በፍሬን ዘይት ተሞልቶ፣ በጠበቀ ግልጽ ቱቦ ማውጫው ላይ ተሰክቶ፣ ከታች ወደ ላይ በዝግታ ተገፋ። አረፋው ማጠራቀሚያው ውስጥ ብቅ ብቅ አለ፤ አየር መውጣት የሚወደው ወደ ላይ ነው። መርፌው የራሱ ጥቁር ጎማ ከግላይኮል ጋር ብዙ አይቆይም፤ ለአንድ ቀን ሥራ ይበቃል። ከዚያ የታችኛው ዘንግ በእጅ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ተገፍቶ የቀረው አየር ወጣ። ከዚህ በኋላ አሥር ጊዜ በተለመደው መንገድ። ዘንጉ 12.5 ሚ.ሜ.። አንድ ደቂቃ ተይዞ 12.5።

ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ስለነበር ቆርቆሮው ዘይት በተቀዳ ቁጥር ወዲያው ተከደነ። ዶት 3 እና ዶት 4 ከአየር እርጥበት ይጠጣሉ፤ ደረቅ ዶት 4 መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፣ ውሃ የጠጣው 155 ድረስ ይወርዳል። በጅማ ክረምት ተከፍቶ ያደረ ግማሽ ቆርቆሮ ለሚቀጥለው መኪና አይቀመጥም።

ሐምሌ 21

ፍሪሲዮኑ ከወለሉ ቅርብ ነው የሚለቀው ተብሎ የላይኛው ፓምፕ ዘንግ በሁለት ዙር ረዘመ። ይህ ሁለተኛው ትልቅ ስህተታችን ነው። የዘንጉ ጥርስ በአንድ ዙር 1.25 ሚ.ሜ. ይሄዳል፤ ሁለት ዙር 2.5 ሚ.ሜ.፤ ፔዳሉ ላይ በ6 ሲባዛ 15 ሚ.ሜ.። ያለውን ነፃ ጉዞ በሙሉ በላው።

ሙከራው ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው የጅረን ዳገት ነበር። ሲጀመር ሁሉም ደህና፤ ፔዳሉ ይመለሳል፣ የኋላ ማርሽ ያለ ድምፅ ይገባል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ የሞተሩ ዙር ብቻውን ወጣ፤ መኪናው አልተከተለም። የፍሪሲዮን ሽታ መጣ። ቆመን ማውጫውን ከፈትነው፤ ፔዳሉን ማንም ሳይረግጠው ዘይት ተስፈነጠረ። ተዘጋ፣ ተነዳ፣ መንሸራተቱ ጠፋ።

ምክንያቱ ትንሿ የመመለሻ ቀዳዳ ናት። ፔዳሉ ላይ ሲሆን ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሄዶ ያችን ቀዳዳ መክፈት አለበት፤ ዘይቱ ሲሞቅ የሚሰፋው በእሷ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ዘንጉ ሲረዝም ፒስተኑ ቤቱ አይደርስም፣ ጎሚኒው ቀዳዳዋን እንደሸፈነ ይቀራል። የሞቀው ዘይት መውጫ ያጣና ራሱ ፍሪሲዮኑን መርገጥ ይጀምራል። እንዲህ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ዲስክ አልቋል ተብሎ ካምቢዮ ይወርድለታል፤ ዲስኩ ግን ደህና ነው።

ማስተካከያው፦ ማቆሚያውን 12 ቁጥር ዳዶ ላላ አድርጎ ዘንጉን በሁለት ዙር ማሳጠር፤ ከዚያ ፔዳሉ አናት ላይ በጣት ሲገፋ ዘንጉ ፒስተኑን እስኪነካ ከ1 እስከ 5 ሚ.ሜ. መኖሩን ማየት። እኛ 3 ላይ ተውነው። አጠቃላይ ነፃ ጉዞው 10 ሚ.ሜ. መጣ። የመልቀቂያው ነጥብ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ከሚቆምበት 25 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ይበቃል፤ ተለክቶ 34 ነው። ከመጀመሪያውም የሚነካ ነገር አልነበረም።

ሐምሌ 22

ጅረን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ሰቃ ደርሶ መልስ። አልተንሸራተተም፣ አልቀረም። ሲመለስ፣ ሁሉም ትኩስ ሆኖ፣ ፔዳሉ ሃምሳ ጊዜ ተረግጦ ሃምሳ ጊዜ 160 ላይ ደረሰ።

ወጪ፦ ዶት 4 ግማሽ ሊትር በ750 ብር አራት ቆርቆሮ 3,000፣ ከእነዚህ አንዱ የሐምሌ 4 ብክነት ነው። የላይኛው ፓምፕ ስብስብ 1,400፤ የጎማ ቱቦ 1,800፤ የታችኛው ፓምፕ 4,200፤ ቡሺንግና ግሪስ 400፤ የቱቦው ጫፍ 600፤ አልኮል 350፤ ማድረሻ ሁለት ጊዜ 300። ድምር 12,050 ብር፣ የእጅ ሥራ ሳይቆጠር። ከዚህ ውስጥ በእኛ ስህተት የወጣው 1,500 ነው፦ ቆርቆሮው፣ ዳዶውና ሁለተኛው ማድረሻ።

ነሐሴ 12

መኪናው ወደ አጋሮና ወደ አዲስ አበባ ተነድቶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለማየት መጣ። ከማጠራቀሚያው ጠብታ ወደ ብርጭቆ ውሃ፦ ሟሟ፣ የሚንሳፈፍ የለም። የዘይቱ መጠን አልጎደለም። የላይኛው ፓምፕ የአቧራ ጎማ ተገልጦ ታየ፣ ደረቅ ነው፤ የታችኛውም እንዲሁ። ዘንጉ 12.5፣ ነፃ ጉዞው 10። ያም ሆኖ ዘይቱ አንድ ጊዜ በሙሉ ተቀየረ፤ አሮጌ ቅባት ቱቦ ግድግዳ ላይ ቀርቶ ከሆነ አዲሶቹን ጎሚኒዎች እንዳያገኛቸው።

ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ በማይለቅ ቀለም ተጽፏል፦ ዶት 4 ብቻ፤ ላይ 5/8፣ ታች 13/16።